አያ ቢሻው እጃቸውን ሲያነሱ

ማክሰኞ፣ ጥር 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

ሳህኖቹ መጡ! ሁለት ካርቶን ሙሉ፣ ፊት የሚያሳዩ የብረት ሳህኖች። የሚኒባሱ ረዳት በር ላይ ወርውሯቸው ሊሄድ ሲል ጮህኩበት፤ እሱም መልሶ ጮኸብኝ። ደስ ብሎኝ ስለነበር ተውኩት።

ከነገ ጀምሮ በዚህ የአረጋውያን ማረፊያ ሁሉም በየራሱ ሳህን ይበላል። እስካሁን አንድ ትሪ ለስድስት ለሰባት ሆነው ከብበው ነው የሚበሉት፤ ማን በላ፣ ማን አልበላ የሚያውቅ የለም። ሰው መክሳቱን የማውቀው ሱሪው ሲወርድ ነው። ነርስ ተብዬ ይህን አለማወቄ ያናድደኝ ነበር። ባሕር ዳር ለስልጠና የሄድን ጊዜ «በየራሳቸው ሳህን ስጧቸውና የተረፈውን እዩ» ሲሉን፣ በዚያው ተነስቼ ወደ ከተማችን ወደ ቆሰበር መመለስ ነው ያማረኝ። ሥራ አስኪያጃችን ሙሉቀን ሳህኑን እስኪያስገዛ ድረስ ግን ስንት ጊዜ በሩን አንኳኳሁ! «አንቺ አንድ ነገር ከያዝሽ እንደ መዥገር ነሽ» አለኝ። ይበል።

እውነቱን ልጻፍ፤ ይህ ሁሉ ለአያ ቢሻው ነው። ሌሎቹ ከነሕመማቸውም ቢሆን ደህና ናቸው። አያ ቢሻው ግን ባለፈው መስከረም ጎረቤቶቻቸው ከዘንገና ሐይቅ በኩል ሲያመጧቸው የነበራቸው ሥጋ የት እንደገባ እንጃ። የክንዳቸውን ውፍረት የምለካበት ጥብጣብ ቀዩ ላይ፣ ክፉ ክሳት የሚያሳየው ላይ ቆሟል። ዶክተሩ ባለፈው ሳምንት አይቷቸው፣ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን ብሎ አክታቸውን አስመረመረ። ውጤቱ ትናንት መጣ፤ ንጹሕ ነው። ለሙሉቀን ነገርኩት፣ ፋይላቸው ውስጥም አስገባሁት። ዶክተሩ ግን «የካቲት መጀመሪያ ላይ ስመለስ ክብደት ካልጨመሩ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሄደው ይተኙ» ብሏል።

ባሕር ዳር ማለት ለእሳቸው ምን እንደሆነ ዶክተሩ አያውቅም። ሚስታቸውም ልጃቸውም የተቀበሩት ዘንገና አጠገብ ካለችው ደብራቸው ነው። «እዚያ የሄደ ሽማግሌ የሚመለሰው ተገንዞ ነው፤ እሱም መኪና ከተገኘ» ብለውኛል። እንዳይሄዱ ማድረግ አለብኝ። በቃ።

ረቡዕ፣ ጥር 18

ጾም ስለሆነ ምሳ የቀረበው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ሽሮ፣ ድንች፣ ጎመን። ሳህኖቹን ራሴ አደልኩ። ዓይኔን ደስ አለው፤ የሆቴል ቤት መሰለኝ።

ግን ጸጥ አለ። የወንዶቹ ምግብ ክፍል ሌላ ጊዜ ገበያ ነው፤ ይቀላለዳሉ፣ ይጎራረሳሉ፣ ጋሽ ደምሴ የውትድርና ዘመናቸውን አንድ ታሪክ መቶ ጊዜ ያወራሉ። ዛሬ ሁሉም ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። አያ ቢሻው ሳህናቸውን ገልበጥ መለስ አድርገው አዩት። ከዚያ ከቀርከሃው አግዳሚ ጫፍ ሄደው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሱና ሳህኑን ከእግራቸው ሥር አኖሩት።

ቢሆንም አሁን አወቅኩ! ምን ያህል እንዳልበሉ በዓይኔ አየሁ። ሥልጠና ማለት ይህ ነው። አብሳያችን አስረበብ የተመለሰውን እየሰበሰበች «ዛሬ የሰፈሩ ውሻ ሠርግ አለበት» አለችኝ። አዲስ ነገር ሆኖባቸው ነው፣ ይለምዱታል አልኳት።

ሐሙስ፣ ጥር 19

ለአያ ቢሻው ጠዋት አጥሚት አሠራሁላቸው። ጥርስ የላቸውም፤ የሚጠጣ ነገር ይሻላቸዋል ብዬ። ኩባያውን አሸተቱትና «ምን ወለድሁ?» አሉኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ገንፎም ባመጣላቸው ያው ነው፤ የአራስ ምግብ ነው። አስረበብ ቀሪውን ጠጣችው፣ «እኔ እንደሆነ ሁልጊዜ አራስ ነኝ» ብላ።

ምሳ ላይ ሳህናቸው እንደቀረበ ተመለሰ። የሌሎቹም ብዙ ተርፎበታል።

ለምን እንደማይበሉ የማስበው፦
ጥርስ። (ድንቹ ግን በጣም የላመ ነው።)
ትል። (መድኃኒቱን ወስደዋል።)
ሐዘን። (እዚህ ቤት ሐዘን የሌለበት ማን አለ?)
ብርዱ። የዘንድሮ ውርጭ የድንቹን ቅጠል እንኳ አቃጥሎታል።
እኔ።

የመጨረሻውን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። አልሰርዘውም።

ዓርብ፣ ጥር 20

መጥፎ ቀን። አሁን የማይበሉት አያ ቢሻው ብቻ አይደሉም። ጋሽ ደምሴ እንኳ፣ ትሪ ይልሳሉ የሚባሉት ሰውዬ፣ ግማሹን መለሱት። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብለው ሳህኑን አቀበሉኝ። ሙሉቀን መጥቶ ሳህኖቹን አየና እኔን አየኝ። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

አያ ቢሻው አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ብቻቸውን ዋሉ። ሄጄ አጠገባቸው ልቀመጥ ስል «ራቅ በይ ልጄ፣ ራቅ በይ» አሉኝ። እኔን! ተቀየምኩ። እንደ ልጅ ተቀይሜ ሄድኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ሽሮዬን ከነድስቱ ቆሜ በላሁ። የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ወንበር አንድ ነው፤ እሱም ላይ ልብስ አለ።

ቅዳሜ፣ ጥር 21

ዛሬ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው እንጃ። ከመጀመሪያው ልጀምር።

አስተርዮ ማርያም ነው። የከተማው ሰው እንደየአቅሙ ምግብ ይዞ መጣ፤ ዳቦ፣ የበግ ወጥ፣ ጠላ። በሳህን በሳህን አደልነው። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፦ አግዳሚው ላይ በአያ ቢሻውና በሌሎቹ መካከል ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ነው። ቦታ ጠቦ ቆመው የሚበሉ እያሉ!

ጋሽ ደምሴ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲስተር፣ እኛም ሰዎች ነን፤ ንገሪን እንጅ። የሳንባ ነው አይደል?» አሉኝ። ምኑ ነው የሳንባ? አልኳቸው። እንደ ሞኝ አዩኝ። መጀመሪያ የአያ ቢሻው አክታ በዕቃ ተወሰደ። ወዲያው ሳህን ተለየ። «ሳህን የሚለይበት ሰው ምን እንደሆነ በእኛ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል» አሉ። ለሁላችንም የሰጠሽን እሳቸው እንዳያፍሩ ነው፣ ብልሃትሽንስ አድንቀናል፣ አሉኝ። አድንቀናል!

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እናቴ በየቀኑ የምትለኝ ነገር ነው፤ ዛሬ ገባኝ። ለሦስት ቀን ሙሉ አንድን ሽማግሌ ከሰው ለይቼ አስቀምጬ፣ ለምን አይበሉም እያልኩ ምክንያት ስደረድር ነበር።

ሮጬ አያ ቢሻው ዘንድ ሄድኩ። ንጹሕ ነዎት፣ ምንም የለብዎትም፣ ውጤቱ መጥቷል አልኳቸው። ፈገግ አሉ፤ የሚያጽናኑት ሰው እኔ ይመስል። «አውቀዋለሁ ልጄ። አክታዬን ወሰድሽ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አልነገርሽኝ። ደግ ነገር ቢሆን ትነግሪኝ ነበር» አሉኝ።

ለሙሉቀን ነግሬአለሁ። ለፋይሉ ነግሬአለሁ። ለባለቤቱ አልነገርኩም። አፈርኩ፤ አሁንም ስጽፈው ጆሮዬ ይግላል።

ወረቀቱን አምጥቼ ባሳያቸውም ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆኑ። ማንበብ አይችሉም፤ ቢችሉስ ወረቀት ምን ይላል? ስለዚህ ሳህኖቹን ሰብስቤ ወደ ካርቶናቸው መለስኳቸው። ራት በትሪ ቀረበ። ሄጄ ከአያ ቢሻው ጎን ተቀመጥኩና ሁሉም እየሰማ «ያጉርሱኝ» አልኳቸው። «ተይ ልጄ» አሉ። አፌን ከፍቼ ጠበቅኩ፤ እንደ ጫጩት። አጎረሱኝ። ዋጥኩ። ጋሽ ደምሴ ቶሎ ብለው «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አሉ። ሁለተኛ አጎረሱኝ። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ባዶው ቦታ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና «እኔስ የእንጀራ ልጅ ነኝ?» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ሳቅ ሆነ። አያ ቢሻው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔ ከማልቀስ የዳንኩት አፌ ሙሉ ስለነበር ነው።

ግን በዚህ አያበቃም። ከጎናቸው ስለነበርኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበሉ ከቅርብ አየኋቸው። አራት ጊዜ ያህል ጎረሱ፣ ጣታቸውን ላሱና እጃቸውን አነሱ። እንዴ፣ ይብሉ እንጂ? ስላቸው «ልጆቹ ይብሉ» አሉኝ። የትኞቹ ልጆች? ብዬ ዞር ብል ጋሽ ደምሴ ናቸው! ጸጉራቸው ነጭ፣ ስድስት የልጅ ልጅ ያዩ ልጅ!

እሳቸው ግን አልቀለዱም። በቤታቸው ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ነው የበሉት። የቤቱ አባት ቀድሞ እጁን ያነሳል፤ የቀረው ለልጅ፣ ለሴት፣ ለእረኛ ይወርዳል። እዚህም ከትሪያቸው ሰዎች ሁሉ ትልቁ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲያነሱ ደግሞ ጋሽ ደምሴና ሌሎቹ፣ ትልቅ ሰው ጠገበ ብለው ትሪውን ይጠርጉታል። ማንም አልበደላቸውም። ሥጋቸው የት እንደገባ አሁን አወቅኩ።

ሳህኑ አልሆነ። ትሪውም አልሆነ። ደክሞኛል።

እሑድ፣ ጥር 22

ዳንግላ ወላጆቼ ጋ ሄጄ መጣሁ። ከመናኸሪያ በጋሪ ስሄድ ባለጋሪው ፈረሱን «ብላ ብዬ ብሰጠውም አይበላም» ብሎ ሲያማርር ሳቄ መጣ። ፈረስም ነርስ ያስፈልገዋል።

ቤት ስደርስ አባቴ እንግዳ አለው፤ የሠርጉ ሚዜ፣ ከገጠር የመጣ። አባቴ ጨጓራ አለበት፤ ትንሽ ትንሽ ብላ ተብሏል፣ ከእኛ ጋር ሲበላ ሦስት ጉርሻ ከበላ ብዙ ነው። ዛሬ ግን እንግዳው ይበላል፣ አባቴም ይበላል። ቁራሽ ይቆርሳል፣ ያጠቅሳል፣ ያመላልሳል፣ ያላምጣል። እንግዳው ሊያበቃ ሲል አባቴ «ብላ እንጅ፣ እኔም ገና ነኝ» ብሎ አዲስ ቁራሽ ይጀምራል። ጓዳ ገብቼ እናቴን ሆዱን ያመዋል እኮ አልኳት። ሳቀችብኝ። «እንግዳ እየበላ አባትሽ እጁን አንስቶ ያውቃል? ሆዱ ቢፈነዳም አያነሳም። እንግዳው እንዲያፍር ነው?»

ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። እናቴ ጊንጥ የነደፈኝ መስሏት ጮኸች።

የቤት አባት ለልጅ ሲል ቀድሞ ያነሳል። ለእንግዳ ሲል ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚያነሳው። አያ ቢሻው የሚያስፈልጋቸው አጥሚት አይደለም፤ እንግዳ ነው! ሚኒባሱ ውስጥ ሳስብ መጣሁ፤ ማን ይሁን? ቆሰበር ሳልደርስ መልሱ ተገኘ። ቆሞ ከድስት የሚበላ ሰው አውቃለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 23

ጊዮርጊስ፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል። ከተማው በፈረስ ተጥለቅልቋል። አያ ቢሻው ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆመው የሚያልፈውን ፈረስ ሁሉ ሲያሙ ነበር፤ ይኸ ጀርባው ሰባራ፣ ይኸ ባለቤቱ ሰነፍ። አንድ ጎልማሳ ፈረሰኛ አውቋቸው ወርዶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ በአዊኛ ብዙ አወሩ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ አንድም አልገባኝም፤ ፊታቸው ግን ገባኝ።

በዚሁ ደስታቸው ላይ ያዝኳቸው። «አያ ቢሻው፣ ቤቴ ሰው የለም። ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ። ምሳ ቢጋብዙኝ?» አልኳቸው። ለማታለል ብዬ የጀመርኩት ነገር በመሐል እውነት ሆነ። ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ማብሰያ ቤቱ ዞረው «አንች አስረበብ! እንግዳ አለብኝ!» ብለው ተጣሩ። እንዲህ የሚሰማ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

አስረበብ ትንሿን ትሪ አመጣች፤ ነግሬአት ነበር። አያ ቢሻው ጋቢያቸውን አጥፈው አግዳሚው ላይ አነጠፉልኝ። በላሁ። ቀስ ብዬ፣ እንደ ፍየል እያመነዠክሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ እጃቸው አልተነሳም! ትንሽ ቁራሽ፣ እንደገና ትንሽ ቁራሽ። ድንቹን በጣታቸው እያላሙ። ላበቃ ነው ስል «ምነው፣ የኔ ቤት ወጥ አልጣመሽም?» ይሉኛል። ትሪው ባዶ ሆነ። ባዶ!

ማክሰኞ፣ ጥር 24

ምሳም ራትም እንግዳ ነበርኩ። ቀሚሴ ወገቤ ላይ ያዘኝ። አስረበብ «በዚሁ ከቀጠልሽ መጀመሪያ የምትወፍሪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ሌላው ትሪም ሞቅ ብሏል፤ ጋሽ ደምሴ ታሪካቸውን ጀምረዋል።

ሐሙስ፣ ጥር 26

ትናንት ሙሉቀን ጠራኝ። ሠራተኛ ከአረጋውያኑ ቀለብ አይበላም፤ ደንብ ነው። ቦርዱ ቢሰማ ምን እላለሁ? አለ። ልክ ነው፤ ልጣላው ሄጄ እሺ ብዬ ወጣሁ። ዛሬ ምሳዬን ከቤቴ በዕቃ ይዤ ሄድኩ። ምን ዓይነት ጅልነት ነው! ዕቃውን ስከፍት አያ ቢሻው ፊታቸው ተለወጠ። «እንግዳ ስንቁን ይዞ ይመጣል? የኔ ቤት ምን ጎደለው?» ብለው ተነስተው ሄዱ። ምሳ ሳይበላ ቀረ። የአንድ ቀን ምሳ በእኔ ጅልነት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ወጥቼ የምበላውን ያህል ድንችና ሽሮ ገዛሁ፤ ለአስረበብ በጓሮ በኩል ሰጠኋት። ከቀለቡ ጋር ቀላቅላ ትሠራዋለች። ሙሉቀን አየና «ይኼማ ደንብ አይከለክለውም» ብሎ ሄደ። ራት ላይ አያ ቢሻውን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እሽ፣ ልጅ ስለሆንሽ ነው» አሉኝ። ታረቅን።

ቅዳሜ፣ ጥር 28

ጉንፋን ያዛቸው። ውርጩ ነው። ትኩሳት የለም፣ ሳል ግን አለ፤ ሳሉን በሰሙ ቁጥር ሌሎቹ ደግሞ ዓይናቸውን ወደ እኔ ይልካሉ። ዛሬ አልሸሸግኩም፤ መሐል ቆሜ ጉንፋን ነው፣ የሳንባው ምርመራ ንጹሕ ነው፣ የሚጠይቅ ይጠይቅ አልኩ። ጋሽ ደምሴ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ ራት ምንድን ነው?

አያ ቢሻው ግን ለእንግዳም ብለው መዋጥ አቃታቸው። ቆርሰው ይይዙታል፣ አይጎርሱትም። እኔ እንግዳቸው እንዳላፍር ብለው ብቻ እጃቸውን ትሪው ላይ አኑረው ተቀመጡ። ይህ ከምንም በላይ አሳዘነኝ። ጥብጣቡን አውጥቼ መልሼ አስገባሁት፤ ማየት ፈራሁ። ዶክተሩ ሐሙስ ይመጣል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 1

ሳሉ ቀለለ! ጠዋት በሶ በማር በጠበጥኩ፤ በሶ የአራስ አይደለም፣ የመንገደኛ ነው፣ ይሄን እንኳ ተምሬአለሁ። ቁርስም እንግዳ ሆንኩ። ሁለት ጊዜ ጨመሩ። ሐሙስ ባይመጣ ምን ነበር። አንድ ሳምንት ብቻ ቢቆይ።

ማታ ስወጣ ጠሩኝና «ባሕር ዳር ከሰደዱኝ፣ አንድ ነገር አደራ» አሉኝ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የደብራቸውን ስም ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። አደራውን ተቀብዬ እስከ ቤቴ አለቀስኩ። የባጃጁ ልጅ «ምነው እትዬ፣ ሰው ሞተብዎት?» አለኝ። ገና ነው፣ አልሞተም! ብዬ ጮህኩበት።

ሐሙስ፣ የካቲት 3

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ካልተነበበ ለዚህ ነው።

ዶክተሩ ረፋድ ላይ መጣ። አያ ቢሻው ኮታቸውን ለብሰው ጠበቁ፤ በሙቀት ኮት! ሚዛኑ ላይ ወጡ። መርፌው ተወረወረ። ዶክተሩ ቅንድቡን አነሳ። እኔ እንኳ አላመንኩም፤ ጥጃ በልተው ካልሆነ በቀር እንዲህ አይጨመርም። ኮታቸውን ያውልቁ አልኳቸው። «ይበርደኛል» አሉና መሬት መሬት አዩ። ኪሱን ስዳስስ ድንጋይ! በሁለቱም ኪስ፣ በውስጥ ኪስም። ዞር ስል ጋሽ ደምሴ ከመስኮቱ ውጭ ቆመው ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ያፏጫሉ። ከጀርባቸው የትሪው ሰዎች በሙሉ ተደርድረዋል።

ዶክተሩ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሳቁ አመለጠው፤ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብሎ «እስቲ ያለ ድንጋይ» አለ።

ያለ ድንጋይ ወጡ። መርፌው ተንቀሳቅሶ ቆመ። ዝቅ ብዬ አየሁ፤ ተነስቼ ደግሜ አየሁ። ጨምረዋል። ትንሽ ነው፣ ጉንፋኑ ባይበላው የበለጠ በሆነ፤ ግን ጨምረዋል! ጥብጣቡም ከቀዩ ጫፍ ወጥቶ ቢጫው ላይ ገብቷል፤ እንደምንም፣ በጥፍሩ። ዶክተሩ ምን አደረጋችሁ? አለኝ። እንግዳ ሆንኩባቸው አልኩት። አልገባውም፤ አስረዳሁት። «የእኔም አባት እንዲሁ ናቸው» አለ። ባሕር ዳር ይቅር፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይታያሉ ብሎ ወሰነ።

ለአያ ቢሻው ራሴ ነገርኳቸው። ለፋይሉ ሳይሆን፣ ለሙሉቀን ሳይሆን፣ መጀመሪያ ለእሳቸው። ቀና ብለው ሰማይ አዩና በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። በአማርኛ ለመናገር ያቃታቸው መሰለኝ። ውጭ ጋሽ ደምሴ የድንጋዩ ሐሳብ የማን እንደሆነ ለሰው ሁሉ እያወሩ ነው፤ ያዳናቸው ድንጋዩ ነው ባይ ናቸው።

ዓቢይ ጾም ሊገባ ነው። ጾም ሲገባ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ሲውሉ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አልጨረስኩም። ዛሬ ግን እተኛለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 4

ዛሬ አዲስ ሰው ተቀበልን። እማማ የሺ ይባላሉ፤ ቤታቸው በላያቸው ላይ ፈርሶ ጎረቤት ነው ያመጣቸው። እጃቸው እንደ ጭራሮ ቀጥኗል። ከሴቶቹ ጋር ምሳ ቀርቦላቸው አልነኩትም። ቅር ብሏቸው ወደ በሩ ብቻ ያያሉ። መመዝገብ፣ መለካት፣ ማጠብ፣ ይህን ሁሉ ስል ሰዓቱ ሄደ። ዛሬ እንግዳ መሆን አልችልም ብዬ ወደ አያ ቢሻው ላክሁ፤ ማብሰያ ቤት ገብቼ ከአስረበብ ጋር ምሳዬን በላሁ።

ስወጣ ትንሿ ትሪ ከግቢው መሐል ፀሐይ ላይ ቀርባለች። ጋቢው አግዳሚው ላይ ተነጥፏል። ጋቢው ላይ እማማ የሺ ተቀምጠዋል። አያ ቢሻው ቁራሽ ያጠቅሳሉ፣ ያመላልሳሉ፣ ያላምጣሉ፤ እማማ የሺ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀስ እያሉ ይጎርሳሉ። አያ ቢሻው ራሳቸው ሄደው እንደጠሯቸው ኋላ አስረበብ ነገረችኝ።

ቦታዬ ተያዘብኝ ብዬ ልመለስ ስል አዩኝ። ትእዛዝ በሚመስል ድምፅ «የት ነው? ነይ ተቀመጭ» አሉኝ። እንግዳ አለብዎት አያ ቢሻው፣ አልኳቸው።

«ታዲያስ! እንግዳዋ እሳቸው ናቸው። አንች የቤት ሰው ነሽ። እስኪጠግቡ ድረስ እጅሽን እንዳታነሽ።»

ምሳ በልቼ ነበር። ተቀመጥኩና በላሁ።